ከካሮቱ መሐል የበቀለው

ዶክተር ጊላድ የሞተው እስራኤል አገር ባለው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቅጽር ውስጥ፣ በእማሆይ ማሚቱ ጓሮ ነው። መርማሪ ዓለምወርቅ ተጠርታ ስትደርስ ሬሳው በጀርባው ተንጋሎ፣ አንድ እጁ ጤና አዳሙ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ፣ ዓይኖቹ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ደም የለም። ልብሱ አልተቀደደም። ፊቱም ሲሰቃይ የቆየ ሰው ፊት አይመስልም። እግሮቹ ብቻ እንደ ባዕድ ነገር ተዘርግተዋል፤ ሌላ ሰው አምጥቶ እዚያ የጣላቸው ይመስላሉ።

የአምቡላንሱ ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ፣ «ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ይሆናል» አላት። «መነኩሲቷ ‹ራሴን፣ ራሴን› ሲል ነበር ብለዋል።»

ዓለምወርቅ አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ቀጠን ያለች፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ሰው ሲያወራት ከፊቱ ይልቅ እጁንና እግሩን ስለምታይ ብዙዎች የማታዳምጣቸው ይመስላቸዋል። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ወደጨበጡት መነኩሲት ሄዳ እጅ ነሳች።

«እንዴት አደሩ፣ እማሆይ?»

እማሆይ ማሚቱ ቀና አሉ። «አነጋገርሽ የኛው አገር ነው። የጎንደር ልጅ ነሽ?»

«ወገራ ነው የተወለድኩት። በልጅነቴ መጥቼ እዚሁ ጊሎ ሰፈር ነው ያደግሁት።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እነዚህን ልጆች በምልክት ማናገሩ ታከተኝ» አሉና አጠገባቸው አስቀመጧት። «ይኸውልሽ ልጄ፣ ይህ ሰውዬ ጎረቤቴ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የድንጋይ ቤት ስለ ካሮት የሚመራመሩበት ነው። በየጠዋቱ ያችን ትንሽ በር ከፍቶ ይመጣል፣ ጤና አዳም ይቀነጥሳል፣ በመዳፉ አሽቶ አፍንጫው ላይ ያደርጋል። አንዳንድ ቀን ዕንባው ይመጣል።»

«ለምን ያለቅሳል?»

«አይሸተውማ! በኮሮናው ጊዜ ታሞ አፍንጫው እንደዘጋ ቀርቷል፤ በምልክት አሳይቶኛል። ጠንካራ ሽታ እያሸተትክ ሞክር ብሎታል መሰለኝ ሐኪሙ። ዛሬ ግን ሲገባ እንደ ሰካራም ይንገዳገድ ነበር። ጉልበቱ ታጠፈ፣ ወደቀ። ልቡናው ግን ሙሉ ነው፤ ያየኛል፣ ይሰማኛል። አፉ እየከበደው ‹ሮሽ፣ ሮሽ› አለ። ዕብራይስጤ ጥቂት ናት፤ ሮሽ ራስ መሆኑን ግን አላጣውም። ራሱን ደግፌ ውኃ አፈሰስኩበት። እሱ ግን ይነቀንቃል፤ አይደለም፣ አይደለም እንደሚል ሰው። ከዚያ ትንፋሹ እያጠረ እያጠረ ሄደ።»

ዓለምወርቅ የሬሳውን እግሮች ዳግመኛ አየቻቸው። ራሱን የታመመ ሰው በእግሩ አይጀምርም።

የምርምር ጣቢያው በኢትዮጵያ መንገድ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር አጥር የሚጋራ አሮጌ ቤት ነው። ምድር ቤቱ ወጥ ቤትና ላቦራቶሪ ነው፤ ጣሪያው ላይ አፈር የተሞሉ የእንጨት ሣጥኖች ተደርድረዋል። በሩን የከፈተላት አቪራን ነበር፤ የጊላድ የዶክትሬት ተማሪ፣ እዚሁ እስራኤል የተወለደ የኢትዮጵያውያን ልጅ። በአማርኛ ሰላም ስትለው፣ «ደህና ነኝ፣ እኔ... ሬጋ፣ ቆይ፣ ትንሽ ብቻ» ብሎ አፈረና ወደ ዕብራይስጥ ዞረ።

«ምንድን ነው የምትሠሩት?»

«አረም ነው የምንዋጋው» አለ አቪራን። «ካሮት ሰነፍ ነው። እሱ ቅጠል እስኪያወጣ አረሙ ቀድሞ ይውጠዋል። ስለዚህ ሌላውን አቃጥሎ ካሮቱን የሚምር ፀረ አረም እንረጫለን። መድኃኒት የማይደርስበት ደግሞ አለ፤ ከመሬት በታች ሥሩ ላይ ተጣብቆ የሚመጠምጠው።»

«አቀንጭራ» አለች ዓለምወርቅ። አባቷ ማሽላ ላይ ሲያየው የሚራገመውን ስም አልረሳችውም።

«ዶክተር ጊላድ እሱን የሚቋቋም የዱር ካሮት ፈልጎ ከእርሻው ካሮት ጋር ለማዳቀል ነበር የሚሠራው። የሚቋቋመውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ጽሑፉ ሲወጣ ግን ስሜ አልነበረበትም።» እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨመቀ። «ትጠይቂኛለሽና ቀድሜ ልንገርሽ። ሲዋረድ ማየት እፈልግ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት፣ ሌባ ተብሎ። አሁንማ ምን ይዋረዳል? ያመለጠኝ ነው የሚመስለኝ።»

«ዛሬ ጠዋት ምን በላ?»

«እንደወትሮው ሥር ቀመሰ። የዱሩ ዝርያ ነጭ ነው። ኦሽሪት፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛችን፣ ማታ ልጣ ቆራርጣ ፍሪጅ ውስጥ ታሳድርለታለች። ጠዋት እያኘከ ይሄ መራራ ነው፣ ይሄ ጣፋጭ ነው ይላል።»

«ሽታውንስ?»

«ሽታማ የሱ ነው! አንድ ቁራጭ ካሮት አፍንጫው ሥር አድርጎ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ይናገራል። ስሙ የቆመው በዚያ ነው።»

ዓለምወርቅ ከእማሆይ የሰማችውን አልነገረችውም። «ሳህኑን ማን ሊነካው ይችላል?»

«ማንኛችንም። ፍሪጁ አይቆለፍም።»

«የዱሩ ካሮት የት ነው የሚበቅለው?»

«ጣሪያ ላይ። ጊላድ ጉልበቱን ስለሚያመው አይወጣም። የጣሪያው ቁልፍ እኔና ኦሽሪት ጋ አለ፤ ዘበኛው ደግሞ የሁሉም በር ቁልፍ አለው። ግን እዚያ ምንም አታገኚም። በቅርቡ ረጭተነዋል፤ የተረፈው ሁሉ ካሮት ነው።»

ገበያው የሚባለው ዘበኛ በር ላይ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር የጠበቃት። ጢሙ የሸበተ፣ የደንብ ልብሱ በጥንቃቄ የተተኮሰ ሽማግሌ ነው።

«አባባ፣ እዚህ ከገቡ ቆዩ?» አለችው።

«ልጄን የገደለውን ሰው ካገኘሁት ጀምሮ» አለ ገበያው፤ ሌላ ሰው ‹አዎ ቆየሁ› በሚልበት ድምፅ።

ዓለምወርቅ እጆቹን አየች።

«ኤሊያስ ይባል ነበር። ከጦር ሠራዊቱ ወጥቶ በደቡብ ባለው የሙከራ እርሻቸው ተቀጠረ። ያለ ጭንብል መርዝ አስረጩት። ‹ጭንብል ስጠኝ› ብሎታል ዶክተሩን፤ ‹ጊዜ የለንም፣ ነፋስ ሳይነሣ ጨርስ› ነው ያለው። ይህን ኤሊያስ ራሱ ሆስፒታል ተኝቶ ነግሮኛል። አጣሪዎች ሲመጡ ግን ይኸው ሰውዬ ቆሞ ‹ሰጥቼው ነበር፤ ሞቆት አውልቆ ጣለው› አለ። እነሱም ‹በራሱ ጥፋት› ብለው ጻፉ። በራሱ ጥፋት!»

«ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«እንዲያየኝ ነዋ። በየጠዋቱ ሲገባ ተነሥቼ በቋንቋው ‹ቦከር ቶቭ፣ ዶክተር› ብዬ እንደምን አደርክ እለዋለሁ። ሲወጣም እሰናበተዋለሁ። ሌላ ቃል አልጨምርም። መጀመሪያ ይመልስልኝ ነበር። ማን መሆኔን ያወቀ ዕለት ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ አንገቱን መድፋት ጀመረ። ኋላ በእማሆይ ጓሮ በኩል መውጣት አመጣ። እንዲህ ያለው ነው ሰውን የሚጨርሰው፣ ልጄ። መርዝ ለምኔ?»

«ስለ መርዝ ማን አነሣ?»

«ለራስ ምታት ፖሊስ አይመጣም» አለ ገበያው። አንድ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ዓለምወርቅ ከእሱ ስትለይ በውስጧ አንድ ድምፅ ‹እሰይ› ሲል ሰማች። የገዛ ልቧ ድምፅ ነበር። ፖሊስ መሆኗን አስታውሳ ዝም አሰኘችው፤ ግን ወዲያው እሺ አላላትም።

ኦሽሪትን ያገኘቻት እማሆይ ጓሮ ውስጥ፣ ሬሳው ከተነሣ በኋላ የተኛውን ሣር ቆማ ስታይ ነው። ሠላሳን ያለፈች፣ ጥቅጥቅ ያለ ከርዳዳ ጸጉሯን ወደኋላ ያሰረች፣ ነጭ የሥራ ካፖርት የለበሰች ሴት ናት። ቤተሰቦቿ ከሞሮኮ መጥተው በደቡብ አንዲት ትንሽ ከተማ የሰፈሩ ናቸው።

«ሳህኑን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» አለች ሳትጠየቅ። «የዱር ካሮት ብቻ ነው የነበረበት። ከመመዝገቤ በፊት አንዳንዱን እኔም ቀምሻለሁ።»

«ጥሩ ሰው ነበር?»

«ለሥሮቹ ጥሩ ነበር።»

እማሆይ ማሚቱ በቱቦ ውኃ እያጠጡ ወደ እነሱ ተጠጉ። «ልጄ፣ ከኋላሽ ቱቦው አለ፣ እንዳያደናቅፍሽ» አሉ፣ እንደልማዳቸው በአማርኛ። ኦሽሪት ስለ ሳህኑ መናገሯን ሳታቋርጥ፣ ሳትዞርም፣ እግሯን አንሥታ ቱቦውን ተሻገረችው። በዚያው ቅጽበት አቪራን በትንሿ በር ገባ። «አንተ ልጅ፣ በጎን በኩል እለፍ፤ እዚያ ዘር አለ» አሉት እማሆይ። አቪራን ዘሩ መሐል ቆሞ፣ «ምንድን ነው ያሉት?» ብሎ ዓለምወርቅን በዕብራይስጥ ጠየቃት።

የጊላድ ሚስት ሲጋል ሰሞኑን ሃይፋ፣ የታመሙ እናቷ ጋ ነበረች። በስልክ ስታናግራት ድምፅዋ ደረቅ ነበር። «አፍንጫው እንደማይሠራ አውቃለሁ። ከእኔ በቀር ለማንም አልነገረም፤ ከተሰማ ሥራው ያልቃል። ከዚያች መነኩሴ ጋ ብቻ ማሽተት ይሞክር ነበር፤ እሷ የማንንም ቋንቋ አታውቅም ይል ነበር።»

በማግስቱ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ። «ጭንቅላቱ ንጹሕ ነው» አለ። «ልቡም ደህና ነው። የሞተው መተንፈስ አቅቶት ነው። ከእግሩ ጀምሮ ጡንቻው ሁሉ አንድ በአንድ ከድቶታል። መርዝ ይመስለኛል፤ የትኛው እንደሆነ ግን ገና ነው።»

ዓለምወርቅ ያን ጊዜ ከማሃኔ ይሁዳ ገበያ አጠገብ ባቡር ስትጠብቅ ነበር። ባቡሩ መጥቶ ሄደ፤ አልተሳፈረችም። የሞተው ሰው ራሱን ታምሞ ካልነበረ፣ ‹ሮሽ› ያለው ምንድን ነው? ሲደግፉት ለምን ይነቀንቃል? ትምህርት ቤት ሳለች ነቢያትን ሲያስነብቧቸው ያቺን ቃል አግኝታታለች፤ ራስ የምትለዋን ሳይሆን በድምፅ የምትመስላትን ሌላዋን። ሕዝቡ ፍርድን ሮሽ አደረገው፣ መራራ አደረገው፣ የሚል ነበር። መምህሯ ‹የሚገድል ተክል ነው› ብላቸው ነበር። ጊላድ የገደለውን ነገር በስሙ ጠርቶታል፤ የሰሙት ግን ቋንቋውን በቅጡ የማያውቁ መነኩሲት ነበሩ።

ተመልሳ በእግሯ ወደ ደብረ ገነት ወጣች። እማሆይ በሩ ላይ ነበሩ።

«እማሆይ፣ ጣቢያው የሚረጨው መድኃኒት ጓሮዎን ነክቶት ያውቃል?»

«ነክቶት? አቃጠለው እንጂ! በጸደይ ነፋስ አምጥቶ አወረደብኝ። ጥቁር አዝሙዱ ነደደ። በሶብላው ነደደ። ጤና አዳሙም ዳግመኛ እስኪያቆጠቁጥ ስንት ጊዜ ፈጀ። የሚገርምሽ፣ ድንብላሉን አልነካውም። ነጭ አዝሙዱንም፣ እንስላሉንም።»

ዓለምወርቅ እዚያው ቆማ ለአቪራን ደወለች። «ድንብላልና እንስላል ለምን ተረፉ?»

«የካሮት ዘመዶች ናቸዋ። ካሮቱን የሚምረው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ዘመዱንም ይምራል። የካሮት ገበሬ የሚያስቸግረው አረም ካሮት የሚመስለው የሆነው ለዚህ ነው።»

«ሮሽ የሚባለው ተክልስ?»

«እሱም ዘመድ ነው» አለ አቪራን። «ቅጠሉ አንድ ነው። ሥሩም ነጭ ነው። ግን የዱር ካሮት ግንዱ ጸጉራም ነው፤ የሮሽ ልሙጥ ሆኖ ሐምራዊ ነጠብጣብ አለው። ደግሞም ሥሩ ሲቆረጥ አይጥ አይጥ ይሸታል፤ አፍንጫ ያለው ሰው ወደ አፉ አያስጠጋውም።»

«ቆይ፣ አትናገር። ለማንም።» ስልኩን ዘግታ ወደ መነኩሲቷ ዞረች። «እማሆይ፣ አፍንጫው እንደማይሠራ ለማን ነገሩ?»

«ለገበያው ብቻ። ከበሩ ላይ ቆመን፣ ‹አይ የሰው ነገር! የካሮት ሊቅ ነኝ እያለ አፍንጫው ሙት ነው› አልኩት።»

«አጠገባችሁ ማን ነበር?»

«ነጭ የምትለብሰዋ ልጅና ያ የኛ ጥቁር ልጅ ሲገቡ ነበር። እነሱ አማርኛ የት ያውቃሉ ብለሽ?»

ጣሪያው ላይ ስትወጣ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሣጥኖቹ ውስጥ የአረም ዘር የለም፤ ላባ የመሰለ አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ይወዛወዛል። ለዓይን ሁሉም አንድ ነው። ጎንበስ ብላ ግንዱን በጣቷ እየዳሰሰች ሄደች። ሻካራ፣ ሻካራ፣ ሻካራ። ጥግ ያለው ሣጥን ውስጥ፣ ከካሮቶቹ ተከብቦ፣ ጣቷ ተንሸራተተ። ልሙጥ ነው። ዝቅ ብላ ስታይ ደም እንደተረጨበት የወይን ጠጅ ቀለም ነጠብጣብ አለበት። አጠገቡ ሌላ ልሙጥ፣ ከዚያም አፈሩ በእጅ ተደልድሎ የተስተካከለ ጉድጓድ። እነዚህ ተክሎች ባለፈው ወር የተዘሩ አይደሉም። አንድ ሰው ከዘር ጀምሮ፣ ክረምትና በጋ፣ ውኃ እያጠጣ አሳድጓቸዋል። ዓለምወርቅ ፀሐዩ ላይ ሆና በረዳት።

በሚቀጥለው ጠዋት ሁሉንም ወጥ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሲጋል ጥቁር ለብሳ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። አቪራን ግድግዳ ተደግፏል። ኦሽሪት እጆቿን ካፖርቷ ኪስ ከትታ ከፍሪጁ አጠገብ ቆማለች። ገበያውና እማሆይ ማሚቱ ጠረጴዛው ጋ፣ ጎን ለጎን ናቸው። ከአቪራን በቀር ጊላድ ምን በልቶ እንደሞተ ለማንም አልተነገረም። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ነበሩ።

ዓለምወርቅ በሳህን የተቆራረጠ ነጭ ሥር ይዛ ገባች። ለሰበሰበቻቸው ሰዎች ገና ምንም ሳትናገር፣ ከገበያው ጎን ተቀመጠችና እንደ ልጅ ቀለል አድርጋ በአማርኛ፣ «አባባ፣ እስኪ ይህን ይቅመሱልኝ» አለችው። «ከጣሪያው፣ ከጥጉ ሣጥን ነቅዬው ነው። የዱር ካሮት ነው አሉኝ።»

ገበያው ግራ ገባው፤ ግን ቁራጩን አንሥቶ ወደ አፉ ወሰደ።

«አባባ፣ አይብሉት!»

ኦሽሪት ወጥ ቤቱን በሁለት እርምጃ አቋርጣ የሽማግሌውን እጅ መታች። ነጩ ቁራጭ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ቃሉ ከአፏ የወጣው በአማርኛ ነበር፤ ያውም ከጎንደር አነጋገር ጋር።

አቪራን፣ «አንቺ... አማርኛ ትችያለሽ?» አለ።

ዓለምወርቅ ከሳህኑ ሌላ ቁራጭ አንሥታ አኘከችና ዋጠችው። «የፔትሮዚሊያ፣ የፔርሰሜሎ ሥር ነው» አለች። «ለሾርባ የሚሆን። ከማሃኔ ይሁዳ ገዛሁት። ተቀመጪ፣ ኦሽሪት።»

ኦሽሪት አልተቀመጠችም። ግን ከሽማግሌው ጎን አልራቀችም።

«ዶክተር ጊላድ ምን እንደገደለው ራሱ ነግሮናል» አለች ዓለምወርቅ፣ አሁን ሁሉም እንዲሰማ በዕብራይስጥ። «ሮሽ አለ። እማሆይ ራሴን ያለ መሰላቸው። እሱ ግን ተክሉን ነበር የጠራው፤ እግሩ ሲከዳው ምን እንደበላ ገብቶታል። እዚህ ጣሪያ ላይ ፀረ አረም ስትረጩ የቀረው ሁሉ ካሮት ነው ብላችሁ አመናችሁ። የእማሆይ ጓሮ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። መድኃኒታችሁ ካሮትን ብቻ ሳይሆን ዘመዱንም ይምራል። ሮሽ ዘመድ ነው። ከካሮቱ መሐል ተደብቆ የበቀለው የናንተው መድኃኒት እየጠበቀው ነው።»

አቪራን ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«አሁን ማን አበቀለው? ሥሩ ሲቆረጥ ይሸታል። ይህን ለካሮት ሊቅ የሚያቀርብ ሰው ሊቁ እንደማይሸተው በእርግጥ ማወቅ አለበት። አቪራን አያውቅም ነበር፤ ስለ አፍንጫው ሲያወራ አሁንም ያደንቀዋል። ወይዘሮ ሲጋል ያውቃሉ፤ ሳህኑ በተዘጋጀበት ማታ ግን ሃይፋ ነበሩ። ከዚህ ውጭ ያ ምሥጢር በበሩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተነግሯል፤ በአማርኛ። እማሆይ ያውቃሉ፤ የጣሪያው ቁልፍ ግን የላቸውም። አባባ ገበያው ያውቃሉ፣ ቁልፍም አላቸው፣ ቂምም አላቸው። ትናንት በሙሉ የእሳቸውን ስም ይዤ ነው የዋልኩት። ግን እማሆይ ስለ ቱቦው ሲያስጠነቅቁ ሳትዞር እግሯን ያነሣች አንዲት ሴት አየሁ። አማርኛ መስማቷን ለምን ደበቀች? አባባ ገበያው ያሳደጉት ተክል ቢሆን ኖሮ ይህን ቁራጭ ወደ አፋቸው አይወስዱትም ነበር። አንቺ ደግሞ እዚያ ሣጥን ውስጥ ምን እንዳለ ባታውቂ ኖሮ አትዘይም ነበር።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሳቸውን ለማዳን ራስሽን ሰጠሽ። ምንሽ ናቸው?»

ኦሽሪት ወደ ገበያው ዞረች። አማርኛዋ ቀስ ያለ፣ እያንዳንዱ ቃል በጥንቃቄ የተያዘ ነበር።

«ኤሊያስ ሊያመጣኝ ነበር፣ አባባ። እርሻው ላይ ነው የተዋወቅነው። ‹አባቴን በአማርኛ ሰላም ካልሽው ይወድሻል› እያለ ያስተማረኝ እሱ ነው። ቀለበቱን ከገዛ በኋላ ሞተ። ማን ብዬ ልምጣ? ለቅሶ እንኳ ከሩቅ ቆሜ ነው ያየሁት።»

ገበያው ቀና ብሎ ፊቷን አየ።

«ዘሩን እዚህ የተቀጠርኩ ዕለት ዘራሁት» አለች ኦሽሪት። «መቼ ልገድለው እንደምችል አላውቅም ነበር። ብቻ እያጠጣሁት፣ እያደገ ሳየው እተነፍስ ነበር።»

«ልጄ» አለ ገበያው፣ «ባለፈው ሳምንት በር ላይ መጥቶ ያለኝን ሰምተሽ ነበር?»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን አለዎት?» አለች ዓለምወርቅ።

«‹እሑድ ሥራ ሲጀመር አጣሪዎቹ ጋ ሄጄ ጭንብሉን እንደከለከልኩት እናገራለሁ› አለኝ። ማን መሆኔን ካወቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ።»

«ለዚህ ነው የቸኮልኩት!» ኦሽሪት ጮኸች። «ይናገርና ይገላገል? ሰዉ ጀግና ነው ይበለው? ቤቱ ገብቶ ይተኛ? እኔ ከኤሊያስ ወዲህ እንቅልፍ አላውቅም። ከነሸክሙ እንዲሄድ ነው የፈለግሁት። ምን እንደበላ እያወቀ፣ የሚሰማው ሳያገኝ።»

ገበያው ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ።

«ሸክሙ የሱ መሰለሽ?» አለ። አልጮኸም። «የኔ ነበር። ‹በራሱ ጥፋት› የሚለውን ሊፍቅ የሚችል አንድ አፍ ነበር በዓለም ላይ። ስንት ዓመት ቆሜ የጠበቅሁት ያን አፍ ነው። በልጄ ስም ገባሽና ዘጋሽው። ኤሊያስን ዳግመኛ ቀበርሽው።»

ኦሽሪት እንደተመታ ሰው ወደኋላ አለች። ፖሊሶቹ ሲይዟት አልታገለችም፤ ዓይኗን ግን ከሽማግሌው ላይ መንቀል አቃታት። እሱ ፊቱን አዙሮ ነበር። እማሆይ ማሚቱ ብቻ ተነሥተው በሩ ድረስ ሸኟት።

ዓለምወርቅ ወደ ሲጋል ቀረበችና በአማርኛ የተባለውን ሁሉ አስረዳቻት። «ባለቤትዎ ሊናገር ያሰበውን ለእርስዎ ነግሮዎት ነበር?»

«ሁሉንም ነግሮኛል» አለች ሲጋል። «ለእሑድ የሚለብሰውን ሸሚዝ ሃይፋ ከመሄዴ በፊት የተኮስኩለት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አጣሪዎቹ ፊት ይመሰክሩልናል። የኤሊያስ ስም...»

«አልመሰክርም።»

ገበያው ዘወር አለ።

«ባሌን ወሰዳችሁብኝ» አለች ሲጋል፣ እያንዳንዱን ቃል እየረገጠች። «ስሙንም ጨምሬ አልሰጣችሁም። ልጁ ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈ ይኑር። ቅር ካለዎት እጮኛውን ይጠይቁ።» ቦርሳዋን አንሥታ በሽማግሌው አጠገብ አለፈች። ሊያስቆማት የሚችል ሕግ አልነበረም።

ዓለምወርቅ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ በሩ ስትወጣ ገበያው ብቻውን ቆሞ መንገዱን ያይ ነበር። ቁልፎቹን በሙሉ አስረከባት።

«ይህቺ ሴትዮ የት ነው የምትኖረው?» ሲል ጠየቃት።

ዓለምወርቅ አድራሻውን ታውቀዋለች። «ለምን ፈለጉት፣ አባባ?»

«ዘበኛ የሚፈልግ ሕንፃ በየሰፈሩ አይጠፋም፤ ጠዋት ጠዋት ተነሥቼ ሰላም እላታለሁ» አለ ገበያው።

አድራሻውን አልነገረችውም። እሱም የደንብ ልብሱን አወለቀ፣ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረውና ሲጋል በሄደችበት አቅጣጫ፣ ሳይቸኩል፣ መንገዱን ይዞ ወረደ።